“ወላጅ ይዘህ ና”፦ ለመሃል አዲስ አበባ ርዕሳነ መምህራን ግልጽ ደብዳቤ

በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች ላላችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ ምክትል ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች

ጉዳዩ፦ የወላጅ መጥሪያ ወረቀት እንዲቀየር ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

ነገሩን በሳቅ ልጀምረው። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ። ሦስት ጊዜ የቤት ሥራ ሳይሠራ መጣ። እኔም ሌላው መምህር ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። ከደብተሬ ቅጠል ቀድጄ “ወላጅ ይዘህ ና” ብዬ ጻፍኩና ሰጠሁት። በማግስቱ ልጁ አንድ ቀጠን ያለ ሰው አስከትሎ መጣ። “አጎቴ ነው፤ እናቴን አሟታል” አለኝ። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። የልጁን ጥፋት ዘረዘርኩለት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ ዞር አለና ልጁን በጥፊ አጮለው። “እናትህ ለአንተ ብላ እንደዚያ እየለፋች!” አለው። ደነገጥኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ በውስጤ ትንሽ ኮራሁም። መልእክቴ ደረሰ ብዬ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ “ስድስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ አንድ ሰው!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጎትየው ነው። የሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሏል። አየኝ። አየሁት። ሒሳብ ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት እጁን አወናጨፈ። “ግቢ ቲቸር፣ ተከፍሏል” አለኝ።

ልጁ 10 ብር እንደሰጠው በኋላ ሰማሁ። ጥፊው ምርቃት ነበር።

ይህን ታሪክ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስናገር ሁሉም ይስቃል። ሁሉም የራሱ “አጎት” አለው። የአንዱ ሊስትሮ ነው፣ የሌላው የጎረቤት ዘበኛ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። የ13 ዓመት ልጅ ወላጅ እስከ መከራየት የሚደርሰው ምን ቢያስፈራው ነው? ያቺ ወረቀት ናት ያስፈራችው። እንግዲህ ደብዳቤዬ ስለ እሷ ነው።

እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ። በመሃል ከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ 19 ዓመት አስተምሬአለሁ። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ጉዳዩ የአንድ ግቢ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ግልጽ ደብዳቤ አያስፈልገውም ነበር። ቢሮ አንኳኩቼ እጨርሰው ነበር።

ወረቀቷን እስቲ ከወላጅ ዓይን እዩአት። ምክንያት የላትም። ወላጁ “ለምን ተጠራሁ?” ብሎ ልጁን ይጠይቃል። ልጁ “እኔ እንጃ” ይላል። ከዚያ ወላጁ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል። ተደባደበ? ሰረቀ? ሊባረር ነው? ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ግማሹ ቁጣ፣ ግማሹ ፍርሃት ሆኗል። እንዲህ ሆኖ ለመጣ ሰው ምን ያህል በለሰለሰ አንደበት ብንናገር ምን ይሰማናል? ገና አፋችንን ሳንከፍት ነገሩን አበላሽተነዋል።

ሰዓቷም የእኛ ሰዓት ናት። “ነገ 2 ሰዓት ተኩል።” አንዲት እናት ነበረች፣ ወደ ቀበና መውረጃ ላይ ጉልት የምትቸረችር። አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረበት ጊዜ ሽንኩርቷን በእግሯ ሄዳ ነበር የምታመጣው። ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ግን ገና ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች። ሽንኩርቷን ይዛ የምትመለሰው ልክ እኛ በምንጠራት ሰዓት ነው። እኔ ዘንድ ስትመጣ የዕለቱን ገበያ ትታ ነው ማለት ነው። የማታውን እንጀራ ትታ ነው። እኔ ደግሞ ቁጭ አድርጌ “ልጅሽ አይሰማም” አልኳት። አቤት! አሁን ሳስበው እንዴት ያሳፍረኛል።

“ቲቸር፣ እኔ አልተማርኩም። ምን ላድርገው?” አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጠርቻት፣ ገበያዋን አስትቼ፣ “ምን ላድርግ?” ስትለኝ የምነግራት አልነበረኝም። “ተቆጣጠሪው” አልኳት። “እሺ” ብላ ሄደች። ምኑን እንደምትቆጣጠር እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ።

እዚህ ላይ አንድ ከበድ ያለ ነገር ልናገር። ያቺ ወረቀት በብዙ ቤት የዱላ ትእዛዝ ናት። እኛ እንዲያ ብለን አንጽፍም። ወላጅ ግን እንዲያ ብሎ ያነባታል። ከዓመታት በፊት ለአንድ አባት ደወልኩ። “ልጅዎ ክፍል ውስጥ ወሬ አበዛብኝ” አልኳቸው። ያልኩት ይኸው ነው። “እሺ ቲቸር፣ እኔ አስተካክለዋለሁ” አሉኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። በማግስቱ ልጁ ቀኝ እጁን በሹራቡ እጅጌ ሸፍኖ መጣ። እስክሪብቶ መያዝ አልቻለም። በግራ እጁ እየሞነጫጨረ ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ በኋላ በወሬ አስቸግሮኝ አያውቅም። ጭራሽ ማውራት ተወ። ስጠይቀው እንኳ አይመልስልኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስደውል የመጀመሪያዋ ቃሌ “ልጁ ደህና ነው” የምትል ናት። ጥፋት ካለ ደግሞ “እንደማይመቱት አምኜ ነው የምነግርዎት” እላለሁ። ይህቺን ስል ነገሩ አደራ ይሆናል። አደራ የተቀበለ አባት ጨርሶ አይመታም ብዬ አልምልም። ቢያንስ እጁን ሲያነሣ እኔን ያስታውሳል።

ወላጆቻችን ፍርሃት አጥሯቸው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል የሰፈራችን ሰው ሁሉ ሰምቷል። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ተባለ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ሲል “ተሻለ” አልን። የ7ኛ ክፍል ልጅ ያላት እናት ይህን ቁጥር ይዛ ነው የምትተኛው። በ2016 እንኳ ከመቶ ልጅ አምስቱ! በዚህ ላይ እኛ “በዚህ ከቀጠለ ይወድቃል” ብንጨምርባት ምን ታደርጋለች? አቅም ካላት አስጠኚ ትቀጥራለች። ከሌላት ወይ ትማታለች፣ ወይ ተስፋ ትቆርጣለች። እኛ ደግሞ “ወላጅ አይተባበርም” ብለን ለወረዳ ሪፖርት እንጽፋለን።

የሚገርመኝ፣ ሰው ማሳመን እኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሽምግልናን አስቡት። ወንድማችን ሊያገባ ሲል ማንን እንልካለን? የልጅቱ ቤተሰብ የሚያከብረውን ሰው ነዋ፣ እንቢ ሊባል የሚከብድ። ሽማግሌ እንደ ደረሰ ዘው ብሎ አይቀመጥም። “ተቀመጡ” ሲባል “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” ይላል። በዚያው ቀን መልስ ካላገኘሁ ብሎም አያፋጥጥም። “እንመካከርበት” ይባላል፣ ቀን ይቀጠራል፣ ይመለሳል። ካስፈለገም ሦስተኛ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ማንም የሥልጠና ሰርተፊኬት አልሰጠውም። እኛም እኮ ሰንበት ሲሆን ሽማግሌ ሆነን እንሄዳለን፣ እናውቅበታለን። ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱን በር ስናልፍ ምን እንደሚነካን እንጃ፣ ፖሊስ እንሆናለን።

ከሽማግሌ የተማርኩት ትልቁ ነገር መመለስን ነው። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ በሒሳብ ወደ ኋላ የቀረች። ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ እንድትመጣ ፈለግሁ። አባቷ “አይሆንም” አሉ። ድሮ ቢሆን ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ንግግር አደርግላቸው ነበር። ያን ቀን ግን “ግድ የለም፣ ያስቡበት። ሐሙስ እደውላለሁ” ብዬ ተውኩት። ሐሙስ ደወልኩ። ድምፃቸው ለስለስ ብሏል። “ቲቸር፣ ቅዳሜ እናቷም እኔም ሥራ ነን። ትንሹን የምትይዘው እሷ ናት” አሉኝ። አያችሁ? በመጀመሪያው ቀን የሚነገር ምክንያት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይደለም። እውነተኛው ምክንያት ድህነትን ያጋልጣል፣ ወይም የቤት ገመናን። ለማያውቁት ሰው አይነገርም። “ታዲያ ይዛው ትምጣ” አልኳቸው። መጣ። የ4 ዓመት ጎረምሳ! ከኋላ ወንበር ላይ እርሳስ ይዞ ክብ ሲሥል ከረመ። እኔ ስለ ክብ ዙሪያ ሳስተምር የእሱን ሥዕል ለምሳሌ ተጠቅሜበታለሁ።

“ይሄ የአንቺ ገጠመኝ ነው” የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ማቲው ክራፍትና ቶድ ሮጀርስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያካሄዱት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የታተመው። ተማሪዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ናቸው፣ የወደቁበትን ትምህርት በክረምት የሚያካክሱ። ለአንዱ ወገን ወላጆች በየሳምንቱ ከመምህሩ የመጣች አጭር መልእክት ትላካለች። አንዲት ዓረፍተ ነገር። ለሌላው ወገን ምንም አይላክም። ምንም ካልተላከላቸው መካከል ትምህርቱን ማለፍ ያልቻሉት 15.8 በመቶ ነበሩ። ከተላከላቸው መካከል ግን 9.3 በመቶ። በአንዲት ዓረፍተ ነገር! አሜሪካ ሌላ፣ እኛ ሌላ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። የእነሱ ክረምት እንኳ በጋ ነው። ግን እናት የትም እናት ናት።

በዚያ ጥናት ውስጥ ከሁሉ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። መልእክቶቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ ልጁ ምን ጥሩ እንደሠራ ይናገራል። ሌላው ምን ቢያሻሽል እንደሚሻል ይናገራል። ይበልጥ የሠራው ሁለተኛው ነው። ምስጋናው አይደለም።

ይህን ሳነብ አንድ አባት ትዝ አሉኝ። ልጃቸው እጅግ ጨዋ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ባገኘኋቸው ቁጥር “ልጅዎ ድንቅ ናት፣ እንዴት ያለ አስተዳደግ ነው!” እላቸው ነበር። ውሸት አልነበረም። ግን በሒሳብ ከ100 34 ነበር የምታመጣው። ያቺን ግን በሹክሹክታ፣ ከሌላ ወሬ ጋር ቀላቅዬ አልፋታለሁ። የካርድ ቀን ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ካርዱን ከፈቱት። ብዙ ጊዜ አዩት። “ቲቸር፣ ጎበዝ ናት አላሉኝም ነበር?” አሉኝ። ምን ልበል? ጎበዝ አላልኩም ነበር፣ ጨዋ ነው ያልኩት። ግን ጎበዝ ብለው እንዲሰሙ አድርጌ ነበር ያልኩት። ምላሴ እንጂ እኔ ደግ አልነበርኩም። የሚያስከፋ ነገር ከመናገር ራሴን ነው ያዳንኩት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ “መምህራን ወላጅን ያመስግኑ” ብሎ የሚያሳጥር ሰው እንዳይኖር አደራ።

ወላጅ የሚፈልገው የሚችለውን ሥራ ነው። ወደ ጉልቷ እናት ልመለስ። ከዚያ ከሚያሳፍረው ቀን በኋላ እኔው ራሴ ወደ ጉልቷ ሄድኩ። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ። ከዚያ “አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ማታ ራት ከበላችሁ በኋላ፣ ቀን የጻፈውን ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። 10 ደቂቃ ብቻ” አልኳት። “እኔ ማንበብ አልችል፣ ትክክል ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?” አለች። “ማወቅ የለብሽም። ጆሮሽን ብቻ ስጪው” አልኳት። ከአንድ ወር በኋላ ሳገኛት ሳቀችብኝ። “ቲቸር፣ አሁንማ ነቅቼበታለሁ። ሲያነብና ከራሱ ሲፈጥር ድምፁ ይለያል” አለችኝ። 19 ዓመት ሳስተምር ከሰማሁት የምዘና ዘዴ ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል። ልጁ አንደኛ አልወጣም። የቤት ሥራውን ግን ይዞ መምጣት ጀመረ።

“ተቆጣጠሪው” ከሚለው ቃል ጋር አስተያዩት። አንዱ ወቀሳ ነው፣ አንዱ ሥራ ነው።

የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተናል የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥሩ ነው። ግን የክፍሉን የማርክ ዝርዝር በሙሉ ፎቶ አንሥቶ ግሩፕ ላይ መልቀቅ ከወላጅ ጋር መነጋገር አይደለም። 52 ቤተሰብ የ52 ልጅ ውጤት አየ ማለት ነው። ባለፈው እንዲህ ሲደረግ፣ መጨረሻ የወጣው ልጅ እናት ምንም ሳትል ከግሩፑ ወጣች። እሷ ነበረች በጣም የምታስፈልገን። ደግሞ ማንበብ ለማይችል ወላጅ ረጅም ጽሑፍ ምን ያደርግለታል? ቮይስ ይላክለት። የመምህሩን ድምፅ ይስማ። አያት የሚያሳድጋቸው ልጆችም አሉን። አያትየው ጉራጊኛ ወይም ኦሮምኛ ቢቀላቸው፣ ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር ፈልጎ ማስደወል ያን ያህል ከባድ አይደለም። በየግቢያችን ሞልተዋል።

እስካሁን ስለ ወላጅ አወራሁ። አሁን ስለ እናንተ ላውራ። እናንተን ማሳመንም ራሱን የቻለ ሙያ ነውና።

እኛ መምህራን በሻይ ቤት ጀግኖች ነን። ማኪያቶ ይዘን ትምህርት ቤቱን በአንድ ሰዓት እናስተካክለዋለን። ስብሰባ ላይ ግን ወይ ዝም፣ ወይ ቁጣ። እኔ ከቁጡዎቹ ነበርኩ። ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ፣ አንዳንዱ ልጁን ከለመደው ትምህርት ቤት ማስወጣት አልፈለገም። ልጆቹ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። በሩ ደግሞ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ይዘጋል። ልጆቹ ውጭ ቆመው ይቀራሉ። ስብሰባ ላይ ተነሣሁና “ይህ ኢሰብአዊ ነው!” አልኩ። ተጨበጨበልኝ። በሩ ግን በማግስቱም ልክ በሰዓቱ ተዘጋ።

በወቅቱ በርዕሰ መምህሩ በጣም ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ምን እንዲያደርጉ ነው የጠየቅኳቸው? ምንም። የነገርኳቸው ክፉ ሰው መሆናቸውን ብቻ ነው። በሰው ሁሉ ፊት። እንዲህ የተባለ ሰው በሩን ቢከፍት ክፉ መሆኑን አመነ ማለት አይደለም እንዴ?

ከዚያ አንድ ደብተር ያዝኩ። ለ3 ሳምንት በየጠዋቱ በሩ ላይ እየቆምኩ ጻፍኩ። ከእኔ ክፍል ያረፈደው ማን ነው? ከየት መጣ? ስንት ደቂቃ? ያረፈዱት 14 ልጆች ሆኑ። 11ዱ ቤታቸው የተነሣ ነው። አብዛኞቹ የሚዘገዩት ከ20 ደቂቃ በታች ነው። ሦስቱ ግን ዝም ብለው እንቅልፋም ናቸው፣ ያንንም አልደበቅሁም። ከዚያ በአንድ ገጽ ጻፍኩት። ለ11ዱ ልጆች እስከ 2 ሰዓት ከ35 ድረስ መግቢያ ካርድ ይሰጥ። ወጪ የለውም። ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ። ለ1 ወር እንሞክረው፣ ካልሠራ እኔው ራሴ መጥቼ ይቅር እላለሁ። ስብሰባ ላይ አልወሰድኩትም። ዓርብ ከሰዓት፣ ግቢው ጸጥ ሲል፣ ቢሯቸው ገባሁ።

አነበቡት። “ይህቺን ወረቀት ላስቀራት?” አሉኝ። ለካ ወረዳው ስለ መጠነ ማቋረጥ እየጠየቃቸው ኖሯል። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ልጅ እንደቀረ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። እኔ የልጆቹን ችግር ይዤ የገባሁ መስሎኝ ነበር። የእሳቸውን ችግር መፍትሔም ይዤ ገብቼ ኖሯል። ሰኞ ካርዱ ታተመ። የዘበኛው ፊት እስኪፈታ ግን ሌላ ወር ፈጅቷል።

ለወጣት መምህራን የምመክረው ይህን ነው። አለቃህም አለቃ አለበት። ማን እንደሚጠይቀውና ምን እንደሚጠየቅ እወቅ። ጊዜም ምረጥ። ዓመታዊ እቅድ ክረምት ላይ እየተሰናዳ ዝም ብለህ፣ ኅዳር ላይ “በጀት ይመደብ” ብትል ሰሚ የለህም። ደግሞ ከአቤቱታ ጋር ሙከራ ይዘህ ግባ። “ለ1 ወር” የምትል ቃል ስንት በር እንደምትከፍት አትጠይቀኝ።

ለእናንተ ለርዕሳነ መምህራን ደግሞ አንድ ወቀሳ አለኝ፣ ትንሽ። የወላጅ ስብሰባ ስንጠራ ሁለት ሰዓት ሙሉ እኛ እናወራለን። ወላጅ የሚናገረው መጨረሻ ላይ “ሌላ ጥያቄ ያለው?” ሲባል ብቻ ነው። ያኔ ሁሉም ሰዓቱን እያየ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው አጀንዳ መዋጮ ነው። ኪሱን አስነክተነው ስናበቃ ስለ ልጁ ብናወራለት አይሰማንም። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረትም ቢሆን ቃለ ጉባኤ ላይ የሚፈርም ኮሚቴ ብቻ ሆኖ የቀረበት ግቢ አለ። ምገባ የሚሠሩትን እናቶች ስንቶቻችን አማክረናቸው እናውቃለን? ብዙዎቹ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ማን ምግቡን ሳይነካ እንደሚመልስ፣ የማን እናት እንደታመመች ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። ወላጅ ቤት ሽማግሌ መላክ ካስፈለገ ከእነሱ የተሻለ አላየሁም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የሒሳብ መምህርት ነኝና በሒሳብ ልጠይቅ።

መስከረም ላይ፣ የመጀመሪያው ፈተና ሳይደርስ፣ የክፍል ኃላፊው ለእያንዳንዱ ወላጅ አንድ ጊዜ ይደውል። ያለ ምንም ጥፋት። ስሙን ይናገር፣ ስለ ልጁ አንድ ነገር ይጠይቅ፣ ይስማ። የእኔ ክፍል 52 ልጅ አለው። ለአንዱ 3 ደቂቃ ቢሆን 156 ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በሳምንት ሁለት ክፍት ክፍለ ጊዜ ቢመደብልኝ በወር ውስጥ በደንብ ያልቃል። የስልክ ካርዱን ትምህርት ቤቱ ይቻለው። እስካሁን ከራሴ ነው። ሚስኮል የማደርግበት ጊዜም አለ፣ ምን ይደረግ። ይህን ሞክሬዋለሁ። መስከረም ላይ ድምፄን የሰማ ወላጅ ጥር ላይ ስደውል “ምን አጠፋ?” አይለኝም። “እንዴት ነሽ ቲቸር?” ይለኛል።

ሁለተኛው ወረቀቷ ናት። “ወላጅ ይዘህ ና” የምትለዋ ትቅርና ይህቺ ትተካ፦

“ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የልጅዎ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ልጅዎ ደህና ነው። ክፍልፋይ ስለከበደው አብረን እንድንነጋገርበት ፈልጌ ነው። 15 ደቂቃ ይበቃናል። ሐሙስ 11 ሰዓት፣ ቅዳሜ 3 ሰዓት ወይም በስልክ፤ ከሚመችዎት ላይ ምልክት ያድርጉ። እባክዎ በዚህ ምክንያት ልጁን አይቆጡት።”

ማተሚያ ቤት አያስፈልጋትም። አንድ ገጽ ላይ አራቷ ትገባለች። አንድ ግቢ፣ አንድ የክፍል ደረጃ፣ አንድ ሴሚስተር ይሞክራት። ሥራውን የሚከታተል ሰው ካጣችሁ እኔ አለሁ። ካልሠራች ይቅር እላለሁ። እንደ በሩ ካርድ ማለት ነው።

መልሳችሁን ዛሬውኑ አልጠብቅም። ተመካከሩበት። ክረምቱ ሳይወጣ እመለሳለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሥራ ባልደረቦቼ
ለወላጆች
ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ለሚሠራው “አጎት”